ቅቤ የቀመሰው ጥፍር

ጥፍሬን መብላት መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ማቆም ያለብኝን ቀን የቆረጠልኝ ግን የበገና መምህሬ ፍሰሐ ነው።

የጥምቀት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰባት ተማሪዎች በገናችንን ታቅፈን ተቀምጠናል። መምህር ፍሰሐ እየዞረ የግራ እጃችንን ጣቶች ያያል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ልወልደው እችል ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ይበቃዋል። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አገላብጦ አየው።

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ ይኼን ጥፍር ምን ነካው?»

«እኔ» አልኩ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። በደብረ ዘይት እሑድ፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጉባኤ ከሰባታችን አንድ ሰው ብቻውን እንደሚደረድር ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ድምፅዎ ከሁሉም ይበልጣል» አለኝ፤ «እኔ የማስተምረው ግን በጥፍር የሚደረደረውን የድሮውን ነው። ሌላው ቢቀር የሌባ ጣትዎ ጥፍር ይደግ። ከደብረ ዘይት በፊት ባለው ቅዳሜ አየዋለሁ። ካደገ እርስዎ ነዎት፣ ካላደገ ጋሽ ንጉሡ ናቸው።»

ጋሽ ንጉሡ አጠገቤ ነበር። ከውድብሪጅ ነው የሚመጣው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ጥፍሮቹ ወፍራምና ጠንካራ ናቸው፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ። በማዘን መልክ ጣቴን አየና የራሱን እጅ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ለማሳረፍ ነው እንዲታይለት ነው አልገባኝም። ገብቶኛል እንጂ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ለመደርደር ፈለግሁ። አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሰው ፊት ብቻዬን ቆሜ አንድ ነገር አድርጌ አላውቅም። ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ። በሰው ሠርግ ሳህን አቀብላለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ምሳ የማቀርብ ሴት ነኝ፤ ሕፃናቱ የሚያዩት ጭልፋዬን ነው። ልጄን ሶሊን ብቻዬን አሳድጌያለሁ፣ እሱንም ቢሆን ማንም ቁጭ ብሎ አላየኝም። አንድ ቀን ቁጭ ብለው እንዲያዩኝ አማረኝ፣ ይኸው ነው።

ጥፍሩ ግን ነገር ነው። ግሪን ካርድ ኢንተርቪው ስጠብቅ በላሁት። ሶሊን ሲያተኩሳት አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ በላሁት። መንጃ ፈቃድ የተፈተነች ዕለት ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ አስሩንም ጨረስኩ። ተጨንቄ እጄ ከአፌ ርቆ አያውቅም።

ማታውኑ ሶሊ ጋ ደወልኩ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ክሪስታል ሲቲ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጥርስ ታጸዳለች። ነገሩን ስነግራት እስኪበቃት ሳቀች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከረጢት ይዛ ከተፍ አለች፤ ሞረድ፣ የጉሎ ዘይት፣ የላስቲክ ጓንት፣ የጥፍር ቫይታሚን፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ። ሶፋው ላይ አስቀምጣኝ ልክ እንደ ታካሚዋ ታስረዳኝ ጀመር።

«ማሚ፣ ሊስን። በሞረድ ወዲህ ወዲያ አታድርጊ፣ ወደ አንድ ሳይድ ብቻ። ዕቃ ስታጥቢ ጓንት። ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይ፣ ይልፈሰፈሳል። ማታ ማታ ዘይቱን ጥፍሩ ሥር፣ እዚህ ጋ፣ ማሳጅ ታደርጊዋለሽ።»

«ጠርሙሷስ?»

ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፣ የእኔ ናት።

«ጣትሽን አምጪ» አለችኝ።

እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀባ፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። አምስቱንም ቀባችኝና «አሁን ቅመሺው» አለችኝ። ቀመስኩት። ምላሴ አፌ ውስጥ መግቢያ አጣ።

«ምንድን ነው ይኼ መርዝ!»

«ሕፃን ሆኜ አውራ ጣቴን ስጠባ እሬት ቀብተሽኝ የለ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ!»

«ሚ ቱ፣ ማሚ። ላንቺ ብዬ ነው።»

ሃያ አምስት ዓመት ቂም ይዛ የቆየች ልጅ ናት። ከማን እንደወረሰችው አልጠይቅም።

መራራው ነገር ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ምሬቱን ለመድኩት፤ በሳምንቱ ሻይ ስጠጣ የጎደለ ነገር ያለ መሰለኝ። ያዳነኝ ጓንት ነው። ቤት ውስጥ የላስቲክ፣ መኪና ውስጥ የክረምቱን የሱፍ ጓንት በግራ እጄ ብቻ አጠልቃለሁ። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ሲቆም እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይመጣል፤ ሱፍ ይነክሳል፤ ይመለሳል። ጎረቤት መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች አይተውኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያዙሩ።

ጥፍሩ አደገ! በየካቲት ጫፉ ነጭ መስመር አወጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ልክ እንደ ሩዝ ፍሬ ሆነ። ቫይታሚኑ ሠርቶ ነው ብዬ ሳልሳሳ እበላው ነበር፤ ከረሜላ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ጾሙ በገባ በዘጠነኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ባነብ ጄላቲን ይላል። ሶሊን ጠየቅኋት። ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው የሚሠራው አለችኝ፣ ያለምንም ማመንታት።

የንስሐ አባቴ አባ ባርናባስ ጋ ደወልኩ።

«አባ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ገድፌያለሁ።»

«ምን በልተሽ ነው ልጄ?»

«ለጥፍሬ የሚሆን ከረሜላ።»

ስልኩን ከአፋቸው ሲያርቁት ሰማሁ። እየሳቁ ይሁን እየጸለዩ አላወቅሁም። አርባ ስግደት ሰጡኝ። በዚያ ጉልበቴ ሰገድኩ፤ በየመሐሉ ጥፍሬ እንዳይሰበር የግራ እጄን በጭብጥ ይዤ።

ከዚያ ሌላ መከራ መጣ። ጥፍሩ ረዝሟል እንጂ አልጠነከረም። ልምምድ ላይ አውታሩን ስነካው እንደ ወረቀት ይታጠፋል። መምህር ፍሰሐ አየውና፣ «ለስላሳ ነው» አለ። «የድሮ ደርዳሪዎች የእምቧይ ፍሬ ፈልፍለው፣ ትኩስ ቅቤ ሞልተው፣ ጣታቸውን ይነክሩበት ነበር አሉ። ጥፍር ያጠነክራል ይላሉ።» ይኼን ብሎ ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄደ። እሱ ታሪክ ማውራቱ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ለታሪክ የሚሆን ጆሮ አልነበረኝም።

እምቧይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከየት ይመጣል? የሐበሻ ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ ባለሱቁ፣ «እትዬ፣ እሱን እኮ አገር ቤትም የሚገዛው የለም» ብሎ ሳቀብኝ። ታኮማ ፓርክ አካባቢ ያለ የህንዶች ሱቅ ውስጥ ግን ትንንሽ ደብርጃን አገኘሁ፤ ያ ወይን ጠጁ አትክልት፣ ለጣት የተለካ የሚመስል። ስድስት ገዛሁ።

ቀሪው ቅቤ ነው። የተነጠረ ቅቤዬን ጾሙ ሲገባ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘሩ ታች ቀብሬው ነበር፣ እንዳላየው ብዬ። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ አወጣሁት። አልበላውም፣ ጣቴ ነው የሚነከረው፣ ጣት ሆድ የለው! እንዲህ እያልኩ በትንሽ መጥበሻ ጣድኩት።

ሃያ ሦስት ቀን ሽሮና ምስር ብቻ የሸተተ ቤት ውስጥ የኮረሪማና የበሶብላ ሽታ ሲነሳ ምን እንደሚመስል የጾመ ያውቀዋል። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ደንግጬ መስኮት ብከፍት ነፋሱ ከውጪ ገባና ሽታውን በበሩ ሥር ወደ ኮሪደሩ ገፋው። አፓርታማችን አሥር ፎቅ ነው፤ ግማሹ ሐበሻ ነው፤ ያ ግማሽ በሙሉ እየጾመ ነው።

ደብርጃኑን ፈለፈልኩ፣ ቅቤውን ሞላሁ፣ ሌባ ጣቴን ነከርኩ። ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። አንድ አምስት ደቂቃ እንደቆየሁ በር ተንኳኳ።

«አረጋሽ! አረጋሽ፣ ቤት ነሽ?»

የሺመቤት ናት። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናት፤ አፍንጫዋ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ጣቴን ልስበው ብል ደብርጃኑ ያዘኝ። ምን ላድርግ፣ ግራ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ በቀኜ ከፈትኩላት።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ፣ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ እያየች።

«ምን እሠራለሁ፣ ምስር ነው።»

«ምስር እንዲህ ይሸታል እንዴ?»

ቅቤው ከጀርባዬ ጠብ አለ። ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው።

«እጅሽ ላይ ምን አለ?»

«ደብርጃን።»

«ውስጡስ?»

«ጣቴ።»

«ከጣትሽ ሌላስ አረጋሽ?»

ከዚህ በላይ መዋሸት ደግሞ ሌላ ስግደት ነው። እጄን አወጣሁ። «ቅቤ» አልኳት።

«በሁዳዴ!» ብላ አማተበች።

«አልበላሁትም የሺ! ጥፍሬን ላጠነክረው ብዬ ነው። የነካው ጥፍሬ ብቻ ነው።»

«ጥፍርሽ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

ደብርጃኑን ከጣቴ መንቅዬ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ።

ወሬው በማግስቱ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ እነ ጋሽ ንጉሡ ወዳሉበት ቨርጂኒያ ገባ። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ንጉሡ ኮል አደረገልኝ፤ ድምፁ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ድምፅ ነው።

«አረጋሽዬ፣ ሰው ነንና እንደክማለን። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው።»

«ምን ሰምተው ነው ጋሽ ንጉሡ?»

«እኔ እንኳ አላመንኩም። ዶሮ ወጥ ሠርታ ብቻዋን ስትበላ አገኟት ነው የሚባለው። በስምንት እንቁላል ነው እንዴ?»

ዘጋሁበት። ከዚያ ልነክስ ወደ አፌ ያመጣሁትን እጅ ጓንት ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ስገባ ወሬ ቆመ፤ የሚቆም ወሬ ደግሞ ስለማን እንደሆነ ይታወቃል። መምህር ፍሰሐ ጣቴን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አንኳኳበት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ቅቤው ይሁን፣ የጉሎ ዘይቱ ይሁን፣ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጥርሴ ሳያገኘው ስለቆየ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ጠንክሯል።

«ወይዘሮ አረጋሽ ይደረድራሉ» አለ።

«የጾሙስ ጉዳይ?» አለ ጋሽ ንጉሡ። «ሕዝቡ ምን ይላል?»

መምህር ፍሰሐ እስከ ጆሮው ቀላ። ዝም ማለት ይችል ነበር። «ስለ ቅቤው የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለ፤ «የሚጠየቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሆዴም እርስዎ ሆኑ።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ሶሊ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ሁለት ዓመቷ ነው። ነጠላዬን ለብሳ የፊተኛው ረድፍ ላይ ከየሺመቤት አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ የታጣፊ ወንበር ክምር መሐል ተራዬን እጠብቃለሁ። በገናውን በጓንት መንካት ስለማይሆን ጓንቱን አውልቄያለሁ። ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ትንሽ ቅቤ ቀብቼዋለሁ፣ ለማንኛውም ብዬ።

ፕሮግራም መሪው ንግግር አስረዘመ። ስለ ፓርኪንግ አሳሰበ። ስለ አዲሱ ሕንፃ ገለጸ። እንደገና ስለ ፓርኪንግ አሳሰበ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ሊያይ ነው እያልኩ አስባለሁ።

ኮረሪማ ጣፈጠኝ።

እጄን ከአፌ አወጣሁት። የሌባ ጣቴ ጥፍር የለም፤ እስከ ሥጋው ድረስ የለም። መራራው፣ ቅቤው፣ የሁለት ወር ልፋቴ፣ ሁሉንም ውጬዋለሁ። በአንድ ጊዜ ጥፍሬንም ጾሜንም በላሁ። ወንበሮቹ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ አለቀስኩ። በቀኝ እጄ ስልኬን አውጥቼ ለሶሊ «ነይ» ብዬ ጻፍኩላት።

ገባች። ፊቴን አየች፣ ጣቴን አየች።

«ማሚ፣ ኖ። አልበላሽውም በዪኝ።»

ጣቴን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ቆጣ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ዝግጁ የላስቲክ ጥፍርና ማጣበቂያ አወጣች።

«ይኼን ይዘሽ ነው የምትዞሪው?»

«ሲንስ ጃንዋሪ» አለችኝ። «አይ ኖው ዩ እኮ፣ ማሚ።»

ልናደድባት ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ አልነበረም። ያላት ቀለም አንድ ብቻ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ሮዝ። ሞርዳ አሳጠረችው፣ አጣበቀችው፣ እፍ እፍ አለችበት። ስሜ ተጠራ። በሁዳዴ፣ በነጭ ቀሚስ፣ በአንድ ሮዝ ጥፍር ወጣሁ።

ጥፍሩ ይኼን ያህል ይሠራል አላልኩም ነበር። አውታሩ አጉረመረመ፣ ድምፄም ተከተለው። የመጀመሪያውን አንጓ ጨረስኩ፣ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ላይ ጧ አለ። ሮዙ ጥፍር ተነስቶ ከመድረኩ ላይ በረረና የሺመቤት ነጠላ ላይ አረፈ። ነፍሳት መስሏት አራገፈችው፤ ከዚያ አንስታ በብርሃን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እጄ ቆመ። ተነስቼ ልሄድ ነበር፣ አልዋሽም። ዓይኔን የት እንደማደርገው ሳጣ ሶሊን አየኋት።

ግራ እጇ አፏ ውስጥ ነበር። አራት ጣት አንድ ላይ። የሰው ጥርስ የምታጸዳ ልጅ፣ ሁለት ወር ሙሉ የመከረችኝ ልጅ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ጥፍሯን ታኝካለች። እንደዚያ የሚበላ ሰው ምን ሆኖ እንደሚበላ እኔ አውቃለሁ። አልጋዋ ሥር ሆኜ በልቻለሁ፣ ፓርኪንግ ውስጥ በልቻለሁ። ለእኔ ተብሎ ሲበላ ግን በሕይወቴ አላየሁም ነበር።

በሥጋ ጣቴ አውታሩን ነካሁት። ድምፁ ትንሽ ነው፣ የጥፍሩን አያህልም። እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁለት። ከኋላ ያሉት ለመስማት ወደፊት ዘንበል አሉ። እንደዚያው እስከ መጨረሻው ደረደርኩ፣ ብቻዬን፣ ቁጭ ብለው እያዩኝ።

ስጨርስ መምህር ፍሰሐ መጡና፣ «ከእንግዲህ ጥፍርዎን አላይም» አሉኝ። ጋሽ ንጉሡ ጨበጠኝ፤ በጥፍሩ ትንሽ ቧጨረኝ፣ ሳያስበው ነው ልበል። የሺመቤት ሮዙን ጥፍር በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ።

«ይኼስ የጾም ነው?» አለችኝ።

«ላስቲክ ነው የሺ። ልብሽን ጣይበት፣ የጾም ነው።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አባ ባርናባስ ጋ ግን ገና አልደወልኩም። የዚህኛው ስግደት ስንት እንደሚሆን ሳስበው ጉልበቴ ከወዲሁ ያመኛል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትወስደኝ ሶሊ ነበረች። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ስትሸሽግ አየኋት። ቦርሳዬን ፈትሼ ትንሿን ጠርሙስ አወጣሁና ክዳኗን ከፈትኩ።

«ጣትሽን አምጪ» አልኳት።

«ማሚ፣ ፕሊስ።»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

እጇን ሰጠችኝ። ጥፍሮቿ በምራቅ ርሰው ነበር። በለበሰችው ነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁላትና አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳልዘል ቀባኋት።